ጎደሎውን ጎን ከመፈለጋችን በፊት

እስቲ ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ያለ አንድ የ8ኛ ወይም የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩና ሁለት ጥያቄ ስጡት። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ይሁን፦ 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት አለ፤ ማዕዘኑን የሚሠሩት ሁለት ጎኖች 6 እና 8 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ሦስተኛው ጎን ስንት ነው? «10» ይላችኋል፣ ብዙም ሳያስብ። ሁለተኛው ደግሞ፦ ይህም 90 ዲግሪ ያለው ጎነ ሦስት ነው፤ ረጅሙ ጎን 10፣ አንዱ አጭር ጎን 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቀረው ስንት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ልጆች 10ን በ10፣ 6ን በ6 አባዝተው ይደምራሉ፤ 136 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱን አውጥተው «11.66» ብለው ይጽፋሉ። ያገኙት «አጭር» ጎን ከረጅሙ ጎን በልጦ ሲያዩት እንኳ ምንም አይመስላቸውም።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ አንድ ጎነ ሦስት ናቸው። ልጁም ማባዛት አላቃተው፣ መደመር አላቃተው። የሳተው ከስሌቱ በፊት ያለውን ነገር ነው፦ የትኛው ጎን እንደጠፋበት አላየም። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ልጁን አይደለም። የፓይታጎረስን ቲዎረም «ጎደሎውን ጎን ፈልግ» ወደሚል አንድ ልማድ ያጠበብነውን እኛን፣ የምናስተምረውን ነው።

ምሳሌዎቼን የማመጣው ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። አካባቢው ለዚህ ትምህርት የሚሆን ነገር ሞልቶታል፤ ትምህርት የተቋረጠበትና ጊዜ ያጠረበት አገርም ነው። ክርክሬ ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው እዚያ ነው።

ክፍል ውስጥ ምን ይሆናል?

ክፍለ ጊዜው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ አንድ ጎነ ሦስት ይሳላል፤ 90 ዲግሪው ሁሌም ከታች፣ አንዱ ጎን ወለል ላይ የተኛ፣ ሌላው ግድግዳ መስሎ የቆመ ነው። ጎኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላሉ። ከዚያ «ኤ ስኩዌር ሲደመር ቢ ስኩዌር ይሆናል ሲ ስኩዌር» ይባላል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይደግማል። ቀጥሎ አምስት ስድስት መልመጃ ይመጣል፦ 3፣ 4፣ 5፤ 6፣ 8፣ 10፤ 5፣ 12፣ 13። መጨረሻ ላይ ግድግዳ የተደገፈ መሰላል ይመጣና ደወል ይደወላል።

ተማሪው ከዚህ የሚይዘው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሁለት ቁጥር ከተሰጠህ አባዝተህ ደምር። ሁለተኛ፣ መልሱ ሁሌም ሙሉ ቁጥር ነው። ሦስተኛ፣ ጎነ ሦስት ሁሉ ባለ 90 ዲግሪ ነው፤ ሌላ ዓይነት መልመጃው ውስጥ አላጋጠመውማ! ሦስቱም ስህተት ናቸው። ሦስቱንም ግን እኛው ነን ያስተማርናቸው፤ በቃል ሳይሆን በመልመጃ ምርጫችን።

ለመጻሕፍቱ ፍትሐዊ እንሁን። ለዓመታት ሲያገለግል የቆየው የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ቲዎረሙን ከነተገላቢጦሹ ይዞ ነበር፤ ተገላቢጦሽ ማለት ከጎኖቹ ርዝመት ተነስቶ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን ማወቅ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ግን ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ይሳሳል። ምዕራፉ ሰፊ፣ ክፍሉ የተጨናነቀ፣ ፈተናው የቀረበ ሲሆን መምህሩ የሚያተርፈው ቀመሩን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ምርጫው ግን የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ።

አቋራጩ ስንት ያተርፋል?

መተማ ወይም ቋራ ውስጥ አንድ የሰሊጥ ማሳ አስቡ፦ 300 ሜትር በ400 ሜትር፣ ማለትም 12 ሄክታር። ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ መሄድ ትፈልጋላችሁ። በዳር በዳሩ ከሄዳችሁ 700 ሜትር ነው። መኸሩ ተሰብስቦ በመሃል ማቋረጥ ከቻላችሁስ? ቀመሩን ገና ሳትነኩ ሁለት ነገር ታውቃላችሁ። አቋራጩ ከ700 ያንሳል፤ ባያንስማ ማንም አቋራጭ አይለውም ነበር። ደግሞ ከ400 ይበልጣል፤ ተቃራኒው ጥግ ከረጅሙ የማሳው ዳር ይበልጥ ይርቃልና። ስለዚህ መልሱ በ400 እና በ700 መካከል ነው። ቲዎረሙ የሚጨምረው ትክክለኛውን ቁጥር ነው፦ 500። ትርፉም 200 ሜትር። ዋልካ ጭቃ ጫማ ሥር ተጣብቆ በሄደ ሰው ዘንድ 200 ሜትር ቀላል አይደለም።

ይህቺ «በስንትና በስንት መካከል ነው?» የምትል ጥያቄ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። መጀመሪያ ላይ ያየነውን 11.66 ግን ከሥሩ ትነቅለዋለች። ረጅሙ ጎን 10 ከሆነ የቀረው ጎን ከ10 ማነስ አለበት፤ አለቀ። ልጁ ስህተቱን ለማወቅ መምህሩ በቀይ እስኪያርምለት መጠበቅ የለበትም።

እስቲ በሰፊው እንሞክረው። መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ነው። ቀጥታ በአየር ስንት ይርቃል? መጀመሪያ ግምት፦ ከ140 ይበልጣል፣ ከ180 ያንሳል። አሁን ስሌት፦ 1,600 ሲደመር 19,600፣ ይሆናል 21,200። በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጠው ቁጥር ከ145 ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ 146 ኪሎ ሜትር። መልሱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ አልመጣም፤ ጉዳት የለውም። ልጁ ካርታና ማስመሪያ ካለው ደግሞ ለክቶ ማረጋገጥ ይችላል። ከመጽሐፉ መጨረሻ መልስ መፈለግ የቀረለት ያን ቀን ነው።

ግንበኛው ጎን አልጠፋበትም

ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት ወይም ሽንፋ ቤት ሲሠራ መሠረት የሚያወጣውን ግንበኛ እዩት። ሲባጎ ይወጥራል፣ ችካል ይተክላል። ከጥጉ ተነስቶ በአንዱ ሲባጎ ላይ 60 ሳንቲም፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲም ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሜትሩን ይዘረጋል። 100 ከመጣ ጥጉ ስኳድራ ነው። 102 ከመጣ ጥጉ ተከፍቷል፤ 98 ከመጣ ጠቧል።

እዚህ ምንም ጎን አልጠፋም። ሦስቱም ጎኖች አሉ። የጠፋው ማዕዘኑ ነው። ግንበኛው የሚሠራው በተገላቢጦሹ ነው፤ ኤውክሊድ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ቲዎረሙን 47ኛ፣ ተገላቢጦሹን ደግሞ ወዲያው 48ኛ አድርጎ አስቀምጦታል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በከንቱ አይደለም። እኛ ግን 47ን ይዘን 48ን «ጊዜ ካለ» ብለን እናልፈዋለን፤ ጊዜ ደግሞ የለም። እናም አባቱ በየቀኑ የሚሠራበትን ቲዎረም ልጁ ክፍል ውስጥ ሳያገኘው ይቀራል።

ከግንበኛው ጋር ትንሽ እንቆይ፤ ጥሩ ጥያቄ ይሰጠናል። በ60፣ 80፣ 100 መለካት ይሻላል ወይስ በ3፣ 4፣ 5 ሜትር? ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅርጽ ናቸው። ነገር ግን ሜትሩን ስትዘረጉ 1 ሴንቲ ሜትር ብትሳሳቱ በትንሹ ጎነ ሦስት ጥጉ ወደ 1.2 ዲግሪ ይዛባል፤ በትልቁ ጎነ ሦስት ግን ወደ 0.24 ዲግሪ ብቻ። 10 ሜትር ግድግዳ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ስህተት 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሁለተኛው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል። ልምድ ያለው ግንበኛ «ሰፋ አድርገህ ለካ» የሚለው ለዚህ ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ዲግሪውን ላያሰላው ይችላል። ነገር ግን ግቢው ውስጥ ሲባጎ ወጥሮ በሁለቱም መንገድ ሊሞክረውና ልዩነቱን በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ተገላቢጦሹን መተው ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ተማሪው «90 ዲግሪ መኖሩን ማን ነገረኝ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ አያገኝም። አንድ ጎነ ሦስት ስጡት፦ ሁለት ጎኖቹ 5 እና 6፣ ማዕዘኑ ያልተነገረ። ሦስተኛውን ፈልግ በሉት። ትክክለኛው መልስ «በዚህ መረጃ አይታወቅም፤ ከ1 እንደሚበልጥና ከ11 እንደሚያንስ ብቻ አውቃለሁ» ነው። ይህን የሚመልስ ተማሪ ቲዎረሙ ገብቶታል። 7.81 ብሎ የሚመልስ ግን ቀመሩን ብቻ ነው የያዘው። ከአምስት መልመጃ አንዱ እንዲህ ዓይነት ቢሆን ምን ይጎድለናል?

ሜትሩ ዳገት ላይ ሲዘረጋ

መሬት ሲለካ ካርታ ላይ የሚሰፍረው አግድም ርቀቱ እንጂ ዳገቱን ተከትሎ የሚሄደው ርቀት አይደለም። ከመተማ ሜዳ ወደ ጭልጋ ሲወጣ እንደሚያጋጥመው ያለ ተዳፋት ላይ 50 ሜትር ዘረጋችሁ እንበል፤ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ከፍታው 14 ሜትር ጨምሯል። ካርታው ላይ የሚገባው ርቀት ስንት ነው? ረጅሙ ጎን ተሰጥቷል፤ የጠፋው አጭሩ ነው። ስለዚህ እንቀንሳለን፦ 2,500 ሲቀነስ 196፣ ይሆናል 2,304፤ ርቀቱም 48 ሜትር። የደመረ ልጅ ወደ 52 ሜትር ያገኛል፤ ማለትም ዳገቱ ሲዘረር ረዘመ ማለቱ ነው። ሲባጎውን ዘርግቶ ያየ ልጅ ይህን አይልም።

ቆላው ሜዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። በዚያው 50 ሜትር ውስጥ ከፍታው 1 ሜትር ብቻ ቢጨምር አግድሙ 49.99 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር። ይህ የመጠን ስሜት ይሰጣል። አንድ ተጨማሪ ልጨምርላችሁ፦ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ መተማ ወደ 700 ሜትር ላይ ናቸው። መንገዱን የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈንና ሙቀቱ ሲመጣ ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ ተዳፋት ገመድ ቢወጠር ከአግድሙ 146 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ወደ 7 ሜትር ብቻ ነው (ለዚህ ስሌት የምድርን ክብነት ትተነዋል)። አይመስልም አይደል? አስሉት። ከሦስት፣ አራት፣ አምስት ይልቅ ተማሪን የሚያከራክረው እንዲህ ያለው ነው።

ካሬው የት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። «ስኩዌር» የሚለው ቃል አፍ ላይ ቀርቶ ዓይን ላይ ጠፍቷል። ልጁ «ኤ ስኩዌር» ሲል የሚታየው ከፊደል በላይ የተቀመጠች ትንሽ 2 ናት። ቲዎረሙ የሚናገረው ግን ስለ ስፋት ነው፦ በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ላይ የሚሠሩ ካሬዎች ስፋት ተደምሮ በረጅሙ ጎን ላይ ከሚሠራው ካሬ ስፋት ጋር እኩል ነው።

ይህን ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መሬት ላይ በእንጨት ወይም ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ 7 በ7 የሆነ ካሬ ይሣል፤ ስፋቱ 49 ነው። በእያንዳንዱ ጎን ላይ ከጥጉ 3 ቆጥራችሁ ነጥብ አድርጉ፤ ሁሌም በአንድ አቅጣጫ እየዞራችሁ። አራቱን ነጥቦች አገናኙ። በአራቱ ጥግ አራት ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው አጫጭር ጎኖች 3 እና 4 ናቸው፣ ስፋታቸው 6። አራቱ ሲደመሩ 24። መሃል ላይ የቀረው ዘመም ያለ ካሬ ስፋት 49 ሲቀነስ 24፣ ማለትም 25። ጎኑም 5። ቀመር አልተጠቀምንም፤ ቆጠርን እንጂ።

አሁን አራቱን ጎነ ሦስቶች ቆርጣችሁ ሁለት ሁለቱን በረጅሙ ጎናቸው ግጠሙ፤ ሁለት 3 በ4 አራት ማዕዘኖች ይሆናሉ። እነዚህን በዚያው 7 በ7 ካሬ ውስጥ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች ብታስቀምጡ የሚቀረው አንድ 3 በ3 እና አንድ 4 በ4 ካሬ ነው። ትልቁ ካሬ አልተለወጠም፣ ጎነ ሦስቶቹ አልተለወጡም፤ ስለዚህ የቀረውም እኩል መሆን አለበት፦ 25 ማለት 9 ሲደመር 16 ነው። በ3 እና በ4 ፋንታ የፈለጋችሁትን ርዝመት አስገቡ፣ ነገሩ ያው ነው። ይህ ማረጋገጫ ነው። 40 ደቂቃ ውስጥ ይገባል፤ መቀስ ከሌለ እጥፍ አድርጎ መቅደድም ይበቃል።

ከዚያ 2 እና 3ን ሞክሩ። ትልቁ ካሬ 25፣ አራቱ ጎነ ሦስቶች 12፣ መሃሉ 13። ጎኑ ስንት ነው? 3 ቢሆን 9 ነው፣ 4 ቢሆን 16። ስለዚህ በመካከል ነው። 3.6 በ3.6 ሲባዛ 12.96፤ ቀርበናል። ስኩዌር ሩት ማለት በቃ ይህ ነው፦ ስፋቱ የታወቀ ካሬ ጎኑ ስንት ነው? የካልኩሌተር ቁልፍ ከመሆኑ በፊት ጥያቄ ነበር። ከ3,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ዛሬ በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የባቢሎን የሸክላ ሰሌዳ የካሬን ሰያፍ ርዝመት በሚያስደንቅ ቅርበት አስልቶ ያሳያል፤ ከፓይታጎረስ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። ነገሩ አልቆ የተዘጋ እንዳይመስላችሁም፦ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ካልሲያ ጆንሰንና ነኪያ ጃክሰን፣ በትሪጎኖሜትሪ የተሠራ አዲስ ማረጋገጫ ለሒሳብ ምሁራን ጉባኤ አቀረቡ፤ በ2024ም ሥራቸው በሒሳብ መጽሔት ታተመ።

ጊዜ ሲያጥር ምን ይቀራል?

«ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ሁሉ የት ጊዜ አለን?» የሚል መምህር ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ከሌላው ይበረታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ መተማ የስደተኞች መግቢያ በር ሆነች። ሐምሌ 28 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ የሚመለሰው ክፍተት ይዞ ነው። በምዕራብ ጎንደር ከሚማሩት ውስጥ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ የጉሙዝ ልጆችም አሉ። እነሱ ላይ «ሃይፖቴነስ» የሚለውን ቃል መጫን ሌላ ሸክም ነው፤ «ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን» ማለት ይበቃል፤ ስሙ ኋላ ይደርሳል።

በዚህ ላይ የፈተናው ነገር አለ። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ፓይታጎረስ ብቻ አይናገሩም፤ ምክንያታቸውም ብዙ ነው። ነገር ግን «ቀመሩን ይያዙ፣ ፈተናውን ይለፉ» የሚለው መከራከሪያ በራሱ መለኪያ እንኳ እንዳላዋጣ ይነግሩናል።

ስለዚህ ጊዜ ሲያጥር የሚቀነሰው ሌላ ይሁን እላለሁ። ከአሥሩ ተመሳሳይ መልመጃ ስምንቱ ይቅር። የወረቀቱ ካሬ፣ የግንበኛው ሲባጎና «በስንትና በስንት መካከል?» የምትለዋ ጥያቄ ይቆዩ። ቀመር ከሁለት ወር መቋረጥ በኋላ ይጠፋል፤ የጠፋበት ልጅም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ካሬውን የቆረጠ ልጅ ግን ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ አንድ ወረቀት አጥፎ መልሶ ያወጣዋል። ለሚቋረጥ ትምህርት የሚስማማው መልሶ የሚገኝ እውቀት ነው። እውነት ነው፣ ተማሪው በፍጥነት ማስላትም አለበት፤ መልመጃ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው።

መጀመሪያ ወደ ጠራችሁት ተማሪ ተመለሱ። 11.66 ብሎ ከጻፈ አትቆጡት፤ «ቀንስ እንጂ አትደምር» ብላችሁም አትለፉት፤ እሱም ሌላ በቃል የሚያዝ ነገር ነው። ሲባጎ ስጡት። 10 ሜትር ለክቶ ዘንበል አድርጎ ይወጥረው፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ያለው አግድም ከ10 ሊበልጥ ይችል እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ከራሱ ስትሰሙ ደብተሩን አውጡ።